ከኋላዬ ማንም የለም

ሚያዝያ 12 ቀን

ለተወደድሽው የእህቴ ልጅ፣

«ዘጠኝ ቀን ሙሉ፣ አንድ ቀን እንኳ ከሰው ቀድማ አልደረሰችም።»

ይህን የሰማሁት ትናንት መድኃኒት ቤት ተሰልፌ ነው። የተናገረው መድኃኒት ሻጩ ነው፤ የተናገረው ስለ አንቺ ነው። ልጁ ባለፈው ዓመት ባሕር ማዶ ከእናንተ አስጎብኚ ድርጅት ጋር በብስክሌት ተራራ ለተራራ ሲዞር ሰንብቶ መጥቶ ያየውን ሁሉ ለአባቱ አወራ፤ አባቱ ደግሞ ከፊቴ ቆማ የደም ግፊት ክኒን ለምትገዛ ሴትዮ አወራ። እኔ ከሴትዮዋ ጀርባ መኖሬን አላየም። ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ የማስር መሰልኩ። ጫማዬ ማሰሪያ የለውም።

ከሰላምታ በፊት ይህን ማስቀደሜ ከድንጋጤ ነውና ይቅር በይኝ። እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኔ ከዓይኔ በቀር ደህና ነኝ፤ ዓይኔንም ማተሚያ ቤቱ ሠላሳ አንድ ዓመት ተጠቅሞበት የመለሰልኝ ስለሆነ አልማረርበትም።

እንግዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ «ሥራ ጥሩ ነው እትዬ» ስትይኝ የኖርሽው ይህንን ነው? ደንበኞቹ ከፍለው የሚመጡ ናቸው፤ አንቺ የሚከፈልሽ ነሽ። የሚከፈለው ሰው ከሚከፍለው ኋላ እየደረሰ ስንት ዓመት ይቀጥላል? አልተቆጣሁም። እኔም አራሚ ሆኜ የተቀጠርኩ ሰሞን ሌሎቹ ሃያ ገጽ ሲያርሙ እኔ አሥራ ሁለት ነበር የማርመው። በኋላ ደርሼባቸዋለሁ። አንቺም ጠዋት ሰው ሳይነሣ ለብቻሽ ተለማመጂ።

ወይስ ጆሮሽ ነው? ግራ ጆሮሽ በልጅነትሽ ጆሮ ደግፍ ከያዘሽ ወዲህ እንደማይሰማ ለአለቃሽ ነግረሽዋል አይደል?

ስልክ ያልደወልኩት ስልክ ላይ «እሺ፣ እሺ» ብለሽ ስለምታመልጪ ነው። በጽሑፍ መልሺልኝ። ቀድመሽ የደረስሽ ዕለት ደግሞ ፎቶ ላኪልኝ።

አምላክ ጉልበት ይስጥሽ።
አክስትሽ


ግንቦት 5 ቀን

ለውድ አክስቴ፣ ለእትዬ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ዓይንዎስ? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለቱን ጊዜ እየሳቅሁ።

እትዬ፣ መድኃኒት ሻጩ አልዋሸም። ሁልጊዜ መጨረሻ ነኝ። የተቀጠርኩት ለዚያ ነው! እንዲህ ነው ነገሩ፦ ከፊት አንድ መሪ፣ መሐል ስምንት ደንበኛ፣ ከኋላ እኔ። ፊት መሪው መንገድ ይመርጣል፤ የትኛው ድንጋይ እንደሚያንሸራትት፣ የት ላይ ወርዶ መግፋት እንደሚሻል እሱ ነው የሚያውቀው። እኔ የተረፈውን እለቅማለሁ። ጎማው የተነፈሰ፣ ሰንሰለቱ የተበጠሰ፣ ባሏ ሳይጠብቃት የሄደባት፣ ሁሉም ዞሮ ዞሮ እኔ ጋ ይደርሳል። ፍለጋ አልሄድም፤ ራሳቸው ይመጡልኛል። ጀርባዬ ላይ ካላማዳሪ፣ መፍቻ፣ ፋሻና ብስኩት አለ። ብዙ ጊዜ ከመፍቻው ብስኩቱ ነው ሰውን የሚያስነሣው።

ሦስት ሺህ ሜትር ላይ ዛፍ የሚባል ነገር የለም። ድንጋይ፣ አጭር ሣር፣ በጥላው በኩል ያልሟሟ በረዶ። መንገዱ የአንድ ሰው ስፋት ነው። ሰው እዚያ ሲደርስ እስትንፋስ ስለሚያጥረው ስለ ቤቱ ዋጋ ማውራት ያቆማል፤ የአገሩ ዋና ውበት ይኸው ነው።

አንድ ሕግ ብቻ ነው ያለኝ፤ ከኋላዬ ሰው መቅረት የለበትም። በየጉዞው መጨረሻ ስደርስ አለቃዬ ሻንጣ የጫነችው መኪና አጠገብ ቆሞ «ከኋላሽስ?» ይለኛል። «ማንም የለም» እለዋለሁ። ያን ጊዜ የመኪናዋን በር ይዘጋል፤ ጉዞው አለቀ ማለት ነው።

ዘንድሮ ግን ለውጥ አለ። ፊት መሪው ራሱ አለቃዬ ነበር፤ ጉልበቱ ውስጥ ሁለት ብሎን ስላለ ሐኪሙ «በቃህ» ብሎታል። ስለዚህ ከሐምሌው ጉዞ ጀምሮ ከእኔና ከፖስተኛው አንዳችንን ፊት ሊያወጣ ነው። ፖስተኛው የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ እዚህ ከመምጣቱ በፊት አሥራ አንድ ዓመት በብስክሌት ደብዳቤ ሲያድል የኖረ ሰው ነው። ከተራራ ይልቅ ውሻ ያስፈራዋል።

እኔ «ልሁን» አላልኩም፤ «አልሁን»ም አላልኩም።

ረጅም ዕድሜ ይስጥልኝ።
የእህትዎ ልጅ


ሰኔ 1 ቀን

ለተወደድሽው የእህቴ ልጅ፣

እንደምን ከረምሽ? ደብዳቤሽ ሃያ አራት ቀን ፈጅቶ ግንቦት 29 ደርሶኛል። ስለ ጆሮሽ ጠየቅሁሽ፤ ስለ ካላማዳሪ መለስሽልኝ። ልብ ብያለሁ።

መጨረሻ መሆን ሥራ መሆኑን ተረድቻለሁ። ማተሚያ ቤትም እንዲሁ ነበር፤ ጸሐፊው ይጽፋል፣ ለቃሚው ፊደሉን ይለቅማል፣ የወደቀው ሁሉ እኔ ጋ ይመጣል። ይህን ቀድመሽ ነግረሽኝ ቢሆን ኖሮ የሚከተለውን ባላደረግሁ።

ደብዳቤሽ ከመድረሱ ሁለት ቀን በፊት ለአለቃሽ ጽፌለታለሁ። አድራሻውን ያገኘሁት መድኃኒት ሻጩ ከሰጠኝ የማስታወቂያ ወረቀታችሁ ላይ ነው። ክፉ ነገር አልጻፍኩም፤ ያሳደገ ሰው የሚጽፈውን ነው የጻፍኩት። ወደ ፊት ቢያወጣሽ ምን እንደምታተርፊለት፣ ጠባይሽንም፣ ጤንነትሽንም በዝርዝር አስረድቻለሁ። በአማርኛ ነው። በሰው ቋንቋ ጽፌ ከምሳሳት በራሴ ቋንቋ ትክክል መሆን ይሻላል ብዬ ነው። አስተርጓሚ አያጡም።

የፖስታ ቤቷን ሴትዮ ይመለስልኝ ብዬ ለምኛት ነበር። «አንዴ ሳጥን ከገባ የመንግሥት ነው» አለችኝ።

ከክፉ ይሰውርሽ።
አክስትሽ


ሰኔ 28 ቀን

ለውድ እትዬ፣

እንደምን አሉልኝ? እዚህ አማርኛ የሚያነበው ሰው እኔ ነኝ።

ማስጠንቀቂያዎ የደረሰኝ ትናንት ነው፤ ደብዳቤው የተከፈተው ከትናንት ወዲያ። ቁርስ የምንበላው የድሮ እንጨት መሰንጠቂያ ቤት ውስጥ ነው፤ ብስክሌቶቹ በፊት ጎማቸው ከጣራ ተንጠልጥለዋል፣ ከሥራቸው አሮጌ በር በሁለት በርሜል ላይ ተጋድሞ ጠረጴዛ ሆኗል። አለቃዬ ፖስታውን ቀደደና ወረቀቱን አገላብጦ አየው።

«ይሄ ያንቺ ፊደል አይደለም?»

«ይመስላል» አልኩ። ምን ልበል?

«የደንበኛ ቅሬታ ነው። አንብቢልን፤ ደንቡን ታውቂዋለሽ።»

ደንቡ ቅሬታ በመጣ ቁጥር በሁሉም ፊት ቁርስ ላይ ይነበባል ነው። ቆምኩ። እርስዎ የጻፉትን እኔ ራሴ ስለ ራሴ እየተረጎምኩ አነበብኩ፤ «ይህች ልጅ ቅን ናት» ብዬ በራሴ አፍ ስናገር ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ። «በአምስት ዓመቷ ፊደል ለይታለች» የሚለው ላይ አለቃዬ አስቆመኝ።

«ፊደል መለየት ለብስክሌት ምን ያደርጋል?»

«እኔን ጠቅሞኛል» አለ ፖስተኛው፣ አፉ ሞልቶ።

ከዚያ ሁለተኛው ገጽ ላይ ደረስኩ። «ግራ ጆሮዋ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ አይሰማምና ሲያነጋግሯት በቀኝ በኩል ይሁን።»

እትዬ፣ ለማንም ነግሬ አላውቅም። ስድስት ዓመት ሙሉ እዚያ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጥኩት ግድግዳውን በግራዬ አድርጌ ነው። ዘለልኩት። ከሱ ቀጥሎ ያለችውንም መስመር ዘለልኩ። «በታላቅ አክብሮት» ብዬ ጨረስኩ።

አለቃዬ ተነሣ። ወረቀቱን ተቀበለኝና አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። «እኔን ያሳደገኝ ሰው እንዲህ አይጽፍልኝም ነበር» አለ። «ሐምሌ 20 ፊት አንቺ ነሽ። ፖስተኛው ጭራ ይሆናል።» ፖስተኛው አጨበጨበ፤ እውነቱን ነው፣ ፊት መሆን አይወድም።

«እሺ» አልኩ።

ልደብቅዎ አልችልም። ጭራ ሲሆኑ ከኋላ የሚጣራ የለም፤ ጆሮ መኖሩም አለመኖሩም አይታወቅም። ፊት ሲሆኑ ግን የሚጣራው ሁሉ ከኋላ ነው። ሰው ሲወድቅ ጭራው «ቁም!» ይላል፤ ከፊቱ ያለው ይቀበለዋል፣ ከዚያ የሚቀጥለው፣ እየተቀባበሉት ፊት መሪው ጋ ይደርሳል። ቀኝ ጆሮዬን ነፋስ ሲመታው እኔ ጋ የሚደርሰው ነፋሱ ብቻ ነው። ግን እትዬ፣ አንድ ጊዜ ፊቴ ላይ የሰው ጀርባ ሳይኖር ያንን ተራራ ማየት እፈልጋለሁ። እርስዎም ፎቶ ፈልገዋል።

አለቃዬ ቢጽፍልዎ እባክዎ ስለ ጆሮዬ አይመልሱለት።

ጤና ይስጥልኝ።
የእህትዎ ልጅ


ሐምሌ 22 ቀን

ልጄ፣

እንደምን ነሽ ብዬ የምጠይቀው ዛሬ የምሬን ነው። ደብዳቤሽ አሁን ደረሰኝ። እናንተ ከተነሣችሁ ሁለት ቀናችሁ ነው።

ስልክ ደወልኩ። «የደወሉላቸው ደንበኛ» የምትለዋ ሴት ብቻ ናት ያነሣችልኝ። ደግሜ ደወልኩ። እሷው ናት።

ፎቶውን ተይው። ፎቶ አልፈልግም።

ከስሕተት ሁሉ የምፈራው የተዘለለ መስመር ነበር። የተገለበጠ ፊደል ዓይን ስለሚወጋ ሕፃንም ያገኘዋል። መስመር ሲዘለል ግን ገጹ ደህና ይመስላል፤ አንባቢው ይጎድላል ብሎ አይጠረጥርም፣ ዝም ብሎ ያልፋል። አንድ ጊዜ የመድኃኒት መመሪያ ላይ መስመር ዘልዬ ሦስት ሺህ ቅጂ ከታተመ በኋላ በእጄ ጽፌ አስገብቻለሁ። ሦስት ሺሁንም። ማንም አላዘዘኝም።

ለአለቃሽ አልጽፍለትም። አንቺ ትነግሪዋለሽ። ይህ ወረቀት ሲደርስሽ ነገሩ አልፎ ይሆናል፤ ቢሆንም ጻፍኩት።

አምላክ ይከተልሽ፤ በግራሽ በኩል።
አክስትሽ


ነሐሴ 10 ቀን

ልጄ፣

«ሁላችንም ደህና ነን፣ በጽሑፍ እመጣለሁ» የምትል መልእክት በስልኬ ላይ ደርሳኛለች። ተመስገን። በአምስት ቃል ውስጥ ስንት መስመር እንደተዘለለ ግን ሙያዬ ነውና አውቃለሁ። «ሁላችንም» የሚባለው አንድ ነገር ሲሆን ነው።

የፖስታ ቤቷ ሴትዮ ከሩቅ ስታየኝ ራሷን መነቅነቅ ጀምራለች። ከሰልፍ ገላግላኛለች።

አክስትሽ


ነሐሴ 18 ቀን

ለውድ አክስቴ፣ ለእትዬ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። አሥራ አራት ጊዜ እንደደወሉልኝ ስልኬ ላይ አይቻለሁ። መልሼ ያልደወልኩት «እሺ፣ እሺ» ብዬ እንዳላመልጥ ነው። አሁን ከመጀመሪያው ልንገርዎ።

ሦስት ቀን መልካም ሄድን። ፊት መሆን እርስዎ እንደሚያስቡት ነው፤ ደስ ይላል። ልዋሽዎ አልችልም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ከላይ፣ ከሸንተረሩ ጀርባ ጭጋግ ወጣብን፤ ነፋሱ ከቀኝ ነበር። ከእኔ ቀጥሎ ያሉት ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። አምስተኛዋ የጥርስ ሐኪም ናት። መታጠፊያው ላይ ፍሬን ስትይዝ ፍሬኑ በአንዴ ቆልፎ ጎማዋ ከዳትና ከነብስክሌቷ ቁልቁል ድንጋዩ ላይ ተንሸራተተች። ፖስተኛው ከኋላ «ቁም!» አለ። ቃሉ በቅብብል ዳኛው ጋ ደረሰ። እሳቸው ሦስት ጊዜ ጠሩኝ። በግራዬ።

እኔ ሄድኩ። ሃያ ደቂቃ ያህል። መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ላይ ስደርስ አንድ እግሬን መሬት አድርጌ ዞርኩ። ነጭ ነው። ሰው የለም፣ የጎማ ድምፅ የለም። «ከኋላዬ ማንም የለም» አልኩ፤ ድምፄን አውጥቼ ነው ያልኩት። ስድስት ዓመት በኩራት የምናገረው ቃል ነበር።

ብስክሌቱን እየገፋሁ ዳገቱን እንዴት እንደተመለስኩ አላውቅም። በየመታጠፊያው ቁልቁል አያለሁ። አንድ ቦታ ላይ ቀይ ነገር አየሁና ተቀመጥኩ። የውሃ መያዣ ነበር።

ሳገኛቸው፣ እትዬ፣ ትልቅ ቋጥኝ ተደግፈው ብስኩት ይበላሉ! ሁሉም። ቆጠርኳቸው፤ ፖስተኛውን ጨምሮ ዘጠኝ። ደግሜ ቆጠርኩ። የጥርስ ሐኪሟ አራት ሜትር ያህል ወርዳ ሣር ላይ ነው ያረፈችው፤ የእጇ አንጓ ዞሯል፤ ፖስተኛው በፋሻ አሥሮላታል። በደህናው እጇ ብስኩት ይዛ ብስኩት ጥርስን እንዴት እንደሚገድል ታስረዳለች። መሐላቸው ዘጭ አልኩ።

«ሦስት ጊዜ ጠራሁሽ» አሉ ዳኛው።

«አልሰማሁም።»

«ነፋሱ ነው» አለ ፖስተኛው ቶሎ ብሎ። ደግ ሰው ነው፤ በሩን ከፈተልኝ።

«ነፋሱ አይደለም» አልኩ። «ግራ ጆሮዬ አይሰማም። ደብቄ ነው ፊት የወጣሁት።»

ብስኩት ማኘኩ ቆመ። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ጭጋጉን ጠረጉ።

«ሠላሳ ዓመት ስፈርድ ማንም ሳይጠይቀው ያመነ ሰው አላጋጠመኝም» አሉ። «ጡረታ ከወጣሁ በኋላ መምጣትሽ ነው የሚያናድደኝ።»

የጥርስ ሐኪሟ ግን አልሳቀችም። «እኔ ብሞትስ?» አለችኝ። «ልክ ነሽ» አልኳት። ትንሽ አየችኝና ግማሽ ብስኩቷን ሰጠችኝ። እኔም በላሁት።

እዚያው ተቀያየርን፤ ፖስተኛው ፊት፣ እኔ ኋላ። የቀረውን አምስት ቀን የጥርስ ሐኪሟ በአንድ እጇ፣ ዳገት ዳገቱን በእግሯ፣ ከእኔ ፊት ፊት ሄደች። አንዴም «መኪና ይምጣልኝ» አላለችም።

መጨረሻው ቀን አለቃዬ መኪናዋ አጠገብ ነበር። «ከኋላሽስ?» አለኝ፤ ጭራ መሆኔን ሲያይ ምን እንደተፈጠረ ሳይጠይቅ። «ማንም የለም» አልኩት። በሩን ሲዘጋ ሁሉንም ነገርኩት። ጆሮዬንም፣ የዘለልኩትንም። እጁን ደረት ኪሱ ከተተና የእርስዎን ደብዳቤ አወጣ።

«ነገ ቁርስ ላይ። ከመጀመሪያው። ሙሉውን።»

በማግስቱ ቆምኩና አነበብኩ። የጆሮዬን መስመር አነበብኩ። ከሱ ቀጥሎ ያለችውንም፦ «ስታፍር ትዋሻለች፤ ትንሽ ቢታገሷት ግን ራሷ መጥታ ትናገራለች።»

አለቃዬ በጣቱ መቁጠር ጀመረ። «እስክትነግሪኝ ሠላሳ ሁለት ቀን» አለ። «አክስትሽ "ትንሽ" ነው ያለችው?»

«አዎ።»

«ለሷ ትንሽ ስንት ነው?»

ከዚያ ተቆጣኝ፤ በደንብ ተቆጣኝ፤ ጠረጴዛውን ሲመታው አንደኛው በርሜል ተንከባለለ። ሲጨርስ ግን «ጭራነቱ ያንቺ ነው» አለኝ። «በግራ ጆሮሽ ምክንያት አላባርርሽም፤ እኔ ራሴ በብሎን ነው የምሄደው። ደግመሽ መስመር ከዘለልሽ ግን ብስክሌትሽን አወርዳለሁ።»

እትዬ፣ ተገላገልኩ። እንዲህ ያለ እንቅልፍ ከልጅነቴ ወዲህ ተኝቼ አላውቅም። ዛሬ ቁርስ ላይ ግድግዳውን ትቼ ጠረጴዛው መሐል ተቀመጥኩ። ፖስተኛው በግራዬ ሆኖ ሲያወራ ቆየ፤ ምን እንዳለኝ አላውቅም።

እጅ እነሣለሁ።
የእህትዎ ልጅ


መስከረም 8 ቀን

ለተወደድሽው የእህቴ ልጅ፣

ተመስገን። ደብዳቤሽን እዚያው ፖስታ ቤት አግዳሚው ላይ አነበብኩት። የፖስታ ቤቷ ሴትዮ መስኮቷን ዘግታ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «ደህና ናት?» አለችኝ። «መጨረሻ ናት» አልኳት። አብራኝ ደስ አላት፤ ምን እንደገባት አልጠየቅኋትም።

እኔም ጥፋት አለብኝ። ሰምቼ ሳላጣራ ብዕር ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ ሥራዬ ማጣራት ሆኖ። ያቺን የጥርስ ሐኪም በስሜ ይቅርታ ጠይቂልኝ። ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅሽም፤ ፎቶም፣ መቅደምም። ጤናሽን ብቻ ጻፊልኝ፤ የታመምሽም እንደሆነ መስመር ሳትዘዪ።

አለቃሽን አመስግኚልኝ፤ መስመር የሚያከብር ሰው ነው። አንድ ነገር ብቻ ንገሪው። የማስታወቂያ ወረቀታችሁን በአጉሊ መነጽር አየሁት፤ ጽሑፉ በሰው ቋንቋ ስለሆነ የመድኃኒት ሻጩ ልጅ ነው የተረጎመልኝ። «ሙሉ ጤና ያላቸው አስጎብኚዎች፣ ሁልጊዜ ጥርት ያለ ሰማይ» ይላል። እኔ በነበርኩበት ማተሚያ ቤት ይህ አያልፍም ነበር።

አምላክ ይባርክሽ፤ አለቃሽንም፣ ፖስተኛውንም፣ ብሎኑንም።
አክስትሽ


ኅዳር 10 ቀን

ለውድ አክስቴ፣ ለእትዬ፣

እንደምን ከረሙ? ዓይንዎስ? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ትናንት አንድ ጥርሴን አሞኝ ነበር፤ እንዳዘዙት ሳልዘል ነው።

መልእክትዎን ቁርስ ላይ ለአለቃዬ አነበብኩለት። ማንኪያውን አስቀመጠ። «ልክ ናት» አለ፤ ያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠራም። አዲስ ማስታወቂያ በራሱ እጅ ጻፈ፤ እኔና ፖስተኛው ቃል በቃል አጣራነው። ተርጉሜ ልኬልዎታለሁ፦

«ከአስጎብኚዎቻችን አንዱ ጉልበቱ ውስጥ ሁለት ብሎን ስላለ መኪና ይነዳል። አንዷ በግራ ጆሮዋ ስለማትሰማ ከኋላ ትሆናለች። ሦስተኛው ፖስተኛ ነበር። በአራተኛው ቀን ብዙ ጊዜ ጭጋግ አለ። ባለፈው ዓመት አንዲት ደንበኛ ወድቃ እጇ ዞሯል፤ ፍሬኗን ከመነሣታችን በፊት ማየት ነበረብን፣ አላየንም። ተራራው ግን ያምራል።»

ሁለት ሺህ ቅጂ ታተመ። ፖስተኛው የድሮ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሦስት ከተማ ቤት ለቤት አደለው፤ እንዲህ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። አለቃዬም ቀሎታል፤ ብስክሌት ሲጠግን ያፏጫል። ለጥርስ ሐኪሟ የእርስዎን ይቅርታ ከራሴ ጋር ጻፍኩላት፤ «እጄ ድኗል፣ ብስኩቱን ተዉ» ብላ መለሰች። የእኔም ውል ለሚመጣው ዓመት ተፈርሟል። «የኋላ አስጎብኚ» ይላል፤ ከሥሩ ጆሮዬ ተጽፏል፣ ከሥሩ ፊርማዬ። የምደብቀው ስለሌለኝ ቀኑን ሙሉ ምን እንደማደርግ ግራ ይገባኛል።

ረጅም ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።
የእህትዎ ልጅ

ከፈረምኩ በኋላ ያስታወስኩት፦ ለሚመጣው ዓመት እስከ ዛሬ የተመዘገበው አንድ ሰው ነው።